ያበራል፦ ጠብቆ ነው ወይስ ላልቶ?

ዘውገ እንጀራ የሚበላው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በመቀመጥ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ ሰነፍ ይመስለዋል፤ አልነበረም። የበረራ አስተማሪ ነበር። የመማሪያዋ አውሮፕላን ሁለት መሪ አላት፤ የግራው የተማሪው፣ የቀኙ የአስተማሪው ነው። ተማሪው የግራውን ይዞ አውሮፕላኗን እንደ ደነበረች በቅሎ ሲያንገዳግዳት፣ የአስተማሪው ሙያ የቀኙን አለመንካት ነው። ከነካማ አስተማሪ መሆኑ ቀርቶ አብራሪ ሆነ፤ ተማሪውም ምንም ሳይማር ወረደ። እኔ በበኩሌ ይህ ሥራ ለአንድ ቀን አይሆንልኝም። ሰው ወጥ ሲያማስል ቆሜ ማየት አልችልም፤ ማማሰያውን ነጥቄ እገባለሁ። አክስቴ ፈትለወርቅ «አዛለችን የሰው እጅ አይጥማትም» የምትለኝ ለዚሁ ነው።

አክስቴ ላሊበላ ውስጥ አልጋ ቤት ነበራት። የደርግ ዘመን ነው፣ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት ገደማ። ድሮ ይጎርፍ የነበረው ፈረንጅ ሳስቶ፣ የሚመጣው በአብዛኛው ከሶሻሊስት አገሮች ነበር፤ ትሑት፣ ብዙ የሚጠይቅ፣ ጉርሻ የማያውቅ እንግዳ። እኔ አንሶላ እዘረጋለሁ፣ ምግብ አቀርባለሁ፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ከከተማው በታች ወዳለው የአውሮፕላን ሜዳ በላንድሮቨር ወርጄ እንግዳ አመጣለሁ። ሜዳ ስላችሁ እውነተኛ ሜዳ ነው፤ አፈርና ሣር። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ዘበኛው ጅራፉን እያጮኸ ከብቱን ያባርራል። ክረምት ከገባማ ጭቃው አያስጠጋም፤ እስከ መስከረም አውሮፕላን የሚባል ነገር አናይም።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ፣ መንገደኛ ከምታመላልሰዋ ሌላ፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን መጥታ ሜዳው ዳር ታሰረች። የላካት አዲስ አበባ ያለ አንድ የበረራ ትምህርት ቤት ነው፤ ጀማሪዎቹ በተራራ መካከል፣ በአፈር ሜዳ ላይ ማረፍ እንዲለምዱ። ተማሪዎቹ እየተፈራረቁ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አስተማሪው ግን ያው አንድ ነው፣ ዘውገ። የኮን ከተማ ልጅ ነው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ ድምፅ የሌለው። እኛ ዘንድ አልጋ ያዘ።

በመጣበት ማታ የአክስቴ ጀነሬተር እንደ ልማዷ እምቢ አለች። ዘውገ እጅጌውን ሰብስቦ ገባና ጥቂት ሲነካካት ተነሣች። ከዚያ ማታ ጀምሮ እሱ ካላስነሣት አትነሣም ሆነ፤ አክስቴም የራቱን ሒሳብ ተወችለት። ከተማው ስም ለማውጣት አይሰንፍም፣ «ባለ መብራቱ» አለው። ይህን ስም ልብ በሉልኝ፣ ጣጣ ያመጣል።

ኑሮውን ሲያጫውተኝ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ደመወዝ አለው፣ ግን ስሙ ብቻ ነው፤ ዋናው የሰዓት ክፍያው ነው። ሰዓቷ መቆጠር የምትጀምረው ደግሞ ጎማው መሬት ሲለቅ ነው፣ የምታቆመውም መሬት ሲነካ። ነፋስ ምን እንደሆነ በጥቁር ሰሌዳ ሲያስረዳ የሚውልበት አይቆጠርም። ሞተር ሲፈትሽ፣ ነዳጅ ሲያጠራ፣ የደነገጠ ተማሪ ሲያጽናና አይቆጠርም። ጠዋት ጭጋግ ሲወርድ እኛ «ዛሬ ብርድ ነው» ስንል እሱ «ዛሬ ጦም ነው» ይላል። ከረፋድ በኋላ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል ነፋስ ይነሣል፤ ጦም። ቅዳሜ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ሜዳውን ሲያቋርጥ ይውላል፤ ጦም። «ከእናንተ አገር ካህናት በላይ እጦማለሁ» ይለኝ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ተማሪው ሲበቃ አስተማሪው ይወርድና ብቻውን ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የተማሪው ነው፤ ለአስተማሪው ሰባራ ሳንቲም የለውም። እንግዲህ ደካማ አስተማሪ አንዱን ተማሪ ዓመት ይዞ ዓመት ይበላል፤ ጎበዝ አስተማሪ ቶሎ ያበቃል፣ ቶሎ ይራባል። ዘውገ ጎበዝ ነበር። ሁለት ሸሚዝ ነበረው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም ይላል። በንጉሡ ጊዜ የሚያስተምረው የመኳንንት ልጆችንና የኤምባሲ ሰዎችን ነበር፤ ለመዝናናት የሚበርሩ፣ ለመቻል የማይቸኩሉ ሰዎች። አንድ የባላባት ልጅ ዓመታት ሙሉ ተምሮ ማረፍ ሳይችል ቀረ። ዘውገ ይህን ልጅ ባነሣ ቁጥር ይመርቀዋል፤ ለእናቱ ኮን ላይ የቆርቆሮ ቤት የሠራላት በዚያ ልጅ የበረራ ሰዓት ነው። አብዮቱ ሲመጣ ተማሪዎቹ ከነአውሮፕላናቸው ጠፉ። አስተማሪዎቹም እንጀራ ፍለጋ ተበተኑ፤ አንዱ አዋሽ ወርዶ ጥጥ ላይ የተባይ መድኃኒት ይረጫል፣ አንዱ ታክሲ ይነዳል። ዘውገ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ያዘ። ግን አመል አይለቅምና ረዳቱን መሪ አስይዞ እጁን ጭኑ ላይ ሲያደርግ ባለ መኪናው አየውና አባረረው። አዲሱ ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው ወደ ሙያው የተመለሰው።

አባቴ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴም አስተማሪ ነበሩ፣ የአቋቋም፣ የማሕሌት ዜማ መምህር። ደቀ መዛሙርቱ ዜማውን ከነአካሄዱ ሲወጡት እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሲሳሳቱ አይናገሩም፤ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ጠቅ ያደርጋሉ፣ ተማሪው ስሕተቱን ራሱ ፈልጎ ይመለሳል። ዘውገ ተማሪ ሲሳሳትበት መሪውን ሳይነካ በተረከዙ የአውሮፕላኗን ወለል ጠቅ እንደሚያደርግ የነገረኝ ቀን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ምን እንዳሳቀኝ ሲጠይቀኝ «አባቴን ታውቃቸዋለህ?» አልኩት። ነገራችን የተጀመረው በዚያች ቃል ነው ማለት ይቻላል። የገና በዓል ሲደርስ ልቤ ከእሱ ጋር ነበር፤ ጥምቀት ሲያልፍ ሽማግሌ እንዲልክ ተነጋገርን።

ሥጋታችን አንድ ነው። የዚያ በጋ የመጨረሻው ተማሪ ዓለምእሸት ይባላል፣ የወገል ጤና ከተማ ልጅ፤ ግዙፍ፣ ደግ፣ ዝግ ያለ ሰው። መውጣቱን ይወጣል፣ መዞሩን ይዞራል፤ ችግሩ ማረፍ ላይ ነው። መሬት ገና ሩቅ ሳለች የደረሰ ይመስለውና አፍንጫዋን ቀና ያደርጋታል፣ አውሮፕላኗም ተስፋ ቆርጣ ዱብ ትላለች። እሱ የበቃ ዕለት የዓመቱ ትምህርት አለቀ፤ አውሮፕላኗ ትመለሳለች፣ ዘውገም አብሯት፤ ከዚያ ወዴት እንደሚላክ የሚያውቅ የለም። አባቴ ከዚያ በፊት እሺ ካላሉ ነገሩ ቀረ ማለት ነው።

አክስቴ ይህን ስላወቀች ዘውገን ራት ላይ መከረችው። ዓለምእሸትን ትንሽ እንዲያቆየው፣ ለሰዓቱም ለሽምግልናውም እንደሚበጀው፣ ልጁን እንደሆነ እሷ እንደምታበላው ነገረችው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብላም ተረተችለት። ዘውገ ሳቀና እንጀራውን ቆረሰ። እኔ ግን ምክሯን ወድጄው ነበር፤ ዓለምእሸት እንዲዘገይልኝ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ጧፍ ተሳልኩ።

ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ መጣ። ተናጋሪው አያ ቢሆነኝ ናቸው፣ የዘውገ አጎት፣ ከኮን በእግራቸው የመጡ፣ ጥርሳቸው ያለቀ ሰው። ሁለት የከተማው ሽማግሎች አጅበዋቸዋል። ወጉ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፣ ቆሞ ይመለሳል፤ ልጅቷን ያገኘ ዕለት ብቻ ይቀመጣል። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ነኝ፤ ሴት ልጅ በራሷ ጉዳይ መሐል አትገባም።

አባቴ ዘሩን፣ አገሩን፣ የንስሐ አባቱን ጠይቀው ሲያበቁ ወደ ሌላው ተሻገሩ።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ያበራል» አሉ አያ ቢሆነኝ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቃሏ አንድ ትመስላለች፤ «ረ»ን አጥብቀው ሲናገሯት አውሮፕላን ነው፣ አላልተው ሲናገሯት መብራት ነው። አያ ቢሆነኝ ጥርስም የላቸው፣ መንገድም አድክሟቸዋል፤ ላላችባቸው።

«ያ ባለ መብራቱ፣ ማታ ማታ የፈትለወርቅን ቤት የሚያበራው ነው?» አሉ አባቴ።

«አዎን፣ ያለው እዚያው ነው። ደግሞ እሱ ብቻ እንዳይመስልህ፣ ሌላውንም ያስተምራል።»

«ምኑን?»

«ያንኑ ነዋ።»

አባቴ ረጋ ብለው፣ ክብሪት ለመጫር ትምህርት ቤት መከፈቱን እንዳልሰሙ፣ ምናልባት ይህም ከአብዮቱ ጋር የመጣ ሊሆን እንደሚችል፣ ለማብራት ለማብራትማ የደብሩን መቅረዝ የሚያበራ ዲያቆን እዚሁ እንዳለና እሱም ገና ልጅዎን ብሎ እንዳልደፈራቸው ተናገሩ። አያ ቢሆነኝ ምን እንዳጠፉ ሳይገባቸው፣ በሌላ ቀን ተመለሱ ተብለው ወጡ። እኔ ነጠላዬን ነክሼ ቀረሁ።

ከግቢ መውጣታቸውን አይቼ ከመጋረጃው ብቅ አልኩ። «አባባ፣ ጠብቆ ነው» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«ያበርራል። ረ ትጠብቃለች።»

አባቴ በቃል ቀልድ አያውቁም። አንዴ አላልተው አንዴ አጥብቀው በአፋቸው አዟዟሯት። ከዚያ ሳቅ ያዛቸው፤ መቋሚያቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ሰማይ ለሰማይ የሚሄደውን ሰው ጧፍ ለኳሽ አድርገው እንደሸኙት እያሰቡ እንደገና ሳቁ። እኔም ነገሩ የተስተካከለ መስሎኝ አብሬያቸው ሳቅኩ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን፣ ያስተምራል የተባለውም ይህንኑ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። አላስችል ብሎኝ የሰዓቱን ነገር፣ የጭጋጉን፣ የቅዳሜውን፣ ጎበዝ አስተማሪ ቶሎ መራቡን ሳይቀር ዘረገፍኩት። ሥራው ከባድና የተከበረ መሆኑን ማስረዳቴ ነበር። ምነው አፌን በቆረጠው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ አባቴ። «ጧፍ ለኳሽ ቢሆን ይሻል ነበር። እኔም አስተማሪ ነኝ ልጄ። የደብሩ መሬት ከተከፋፈለ ወዲህ የማስተምረው እንጂ የምበላው የለኝም። እናትሽን ጠላ ሻጭ ያደረግኳት እኔ ነኝ። እስክትሞት አንድ ቀን አልወቀሰችኝም፤ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ይኼ ሰው ተማሪውን እያዘገየ የሚበላ ከሆነ ሌባ ነው። ቶሎ የሚለቀው ከሆነ ደሃ ነው። ለሌባም ለደሃም ልጅ አልሰጥም። ምን ይበላል?»

እናቴን አስበው መሆኑ ስለገባኝ ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡም አባቴ «ገና አላሰብኩበትም» አሏቸው፤ አያ ቢሆነኝ ቆመው ጠይቀው ቆመው ተመለሱ።

አባቴ ያሉትን ለዘውገ ነገርኩት። ሌባ ወይም ደሃ፣ ሦስተኛ የለውም አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ጀነሬተሯን ሊያስነሣ ሄደ። ምን እንዳሰበ አላወቅሁም። ዓለምእሸት በዚያ ሰሞን እንደ ወትሮው ዱብ ማለቱን አልተወም፤ የጧፉ ስለት የሠራልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ገደማ አንድ ጠዋት አባቴ በቅሎ አስጫኑ። የት እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው «ላሚቱን ልያት» አሉ። ተከትያቸው ወረድኩ። ሜዳው ስንደርስ ጭጋጉ ገፎ ነበር፤ ዘበኛው ከብቱን እያባረረ ነው። አባቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሜዳው ዳር ቆሙ።

አውሮፕላኗ ዘውገንና ዓለምእሸትን ይዛ ተነሣች፣ በሸለቆው ዞረች፣ አረፈች፤ እንደገና ተነሣች፣ ዞረች፣ አረፈች። ዓለምእሸት ዱብ አላለም። አንዴ ጠንከር አድርጎ አሳረፋት እንጂ ዱብ አላለም። ከዚያ ሜዳው ጫፍ ላይ ቆመች፣ ሞተሩ ሳይጠፋ። የቀኙ በር ተከፈተና ዘውገ ወረደ። በሩን ዘጋ፣ ጎኗን በቅሎ እንደሚሸኝ ሰው መታ መታ አደረጋት፣ ወደ እኛም መራመድ ጀመረ።

«ተጣሉ እንዴ?» አሉ አባቴ።

«አይ አባባ» አልኩ። «ብቻውን ሊለቀው ነው።»

ድምፄ መለወጡን ሰምተው ዞር ብለው አዩኝ። ዓለምእሸት ከበቃ ዘውገ ሊሄድብኝ መሆኑን አፌ ባይናገረውም ፊቴ ነገራቸው። ዘውገ መጥቶ ለአባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ከዚያ ወደ ሜዳው ዞሮ ቆመ። አውሮፕላኗ አቧራዋን አስነሥታ፣ ግዙፉን ዓለምእሸትን ብቻውን ይዛ ወጣች።

ያን ጊዜ ነው የዘውገን እጅ ያየሁት። ሁልጊዜ ጭኑ ላይ የሚያርፈው እጅ ማረፊያ አጣ። ቆሞ ነውና ጭን የለውም። ኮቱን ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ መልሶ ጨበጠ። አውሮፕላኗ ዞራ ለማረፍ ስትመጣ ተረከዙ አፈሩን ጠቅ፣ ጠቅ ማድረግ ጀመረ። ከጎኑ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ዓይናቸው አውሮፕላኗ ላይ ተተክሎ፣ ሳያውቁት፣ መቋሚያቸው በዘውገ ተረከዝ ልክ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።

አውሮፕላኗ ወረደች፣ ቀረበች። ዓለምእሸት ሁልጊዜ የሚሳሳትባት ቦታ ስትደርስ የዘውገ ተረከዝ ተነሥቶ በአየር ላይ ቀረ። የአባቴ መቋሚያም ቀረ። አፍንጫዋ ቀና አላለም፤ ቆየች፣ ቆየች፣ መሬቱ አጠገብ ስትደርስ ቀና አለች። ጎማዎቹ ሣሩን ዳሰሱት።

«ይበል» አሉ አባቴ፣ ተማሪያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ማሕሌት ሲመራ እንደሚሉት።

ዘውገ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። አባቴ ይህች ሰዓት ለማን እንደምትቆጠር ጠየቁት። ለዓለምእሸት ናት አላቸው። ላንተስ አሉት። ለእሱ ማለቋን፣ ነገ ከነገ ወዲያ አውሮፕላኗን ይዘው እንደሚመለሱ ነገራቸው፤ ወደ እኔ ለማየት አልደፈረም።

«ምናለ ጥቂት ብታቆየው ኖሮ?» አሉት አባቴ።

«ችሏል እኮ መሪጌታ» አለ ዘውገ። «ከቻለ ምን ላድርገው?»

አባቴ በቅሏቸው ላይ ወጥተው፣ ዳገቱን ተያያዙት። ቤት ስንደርስ ግን አያ ቢሆነኝ ወደ ኮን ሳይነሡ እንዲጠሩ ሰው ላኩ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም መጥተው ቆሙ። እኔ መጋረጃዬ ጀርባ ነኝ። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከመጀመሪያው ጀመሩ፣ ሽማግሌዎቹን ከዚያ በፊት እንዳላዩ ሁሉ።

«ሥራው ምንድን ነው?»

አያ ቢሆነኝ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አባቴ እጃቸውን አነሡባቸው። «ተወው፣ አንተ ታላላብኛለህ። እኔ ልበለው። ያበርራል።» ረዋን አጥብቀው፣ አጥብቀው ተናገሯት።

«ምን ይበላል?» ብለው ደግሞ ጠየቁ። አባቴ ጥያቄያቸውን ራሳቸው እስኪመልሱት ድረስ እናቴ ትቀመጥበት የነበረውን መደብ ሲያዩ ቆዩ።

«እኔ የበላሁትን ይበላል» አሉ። «ተቀመጡ።»

አያ ቢሆነኝ ሲቀመጡ ጉልበታቸው የተንቋቋው እኔ ጓዳ ድረስ ተሰማኝ።